መኪና ገጭቷችሁ ወይ ስራ ላይ ተጎድታችሁ ካሳ ስትጠይቁ የምን የምን ብር መጠየቅ እንደምትችሉ

ሰው ተጎድቶ ካሳ ሊጠይቅ ሲል መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ «ስንት ይሰጡኛል?» የሚል ነው። መቅደም ያለበት ግን «የምን የምን ብር ነው የምጠይቀው?» የሚለው ነው። በኛ ሀገር ህግ ካሳ አንድ ድምር ብር አይደለም፣ የህክምና ወጪ ለብቻው ይታያል፣ ስራ የፈታችሁበት ጊዜ ለብቻው፣ ወደፊት የምታጡት ገቢ ለብቻው፣ የተበላሸ ንብረት ለብቻው፣ የሞራል ደግሞ ለብቻው። ክሳችሁ ላይ ያልጠየቃችሁትን ዳኛው ከራሱ አውጥቶ አይጨምርላችሁም። ስራዬ የክስ ማመልከቻ ማዘጋጀት ስለሆነ በየጊዜው የማየው ይሄንን ነው፣ ሰው ሚሊዮን ሊጠይቅበት የሚችለውን ጉዳት የሆስፒታል ደረሰኝ ብቻ ይዞ መጥቶ «ይቺን ብቻ ያስከፍሉልኝ» ይላል፣ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ።

የማወራው ኢትዮጵያ ውስጥ ስለሚደርስ ጉዳት ነው። ውጭ ሀገር ያላችሁ እዛው ከተጎዳችሁ የሀገሩ ህግ ሌላ ነው፣ አዋቂ ጠይቁ። እዚህ ሀገር ያለ አባታችሁ ወይ እናታችሁ በመኪና አደጋ ቢሞትባችሁ ግን እናንተም እንደ ልጅ መጠየቅ ስለምትችሉ በኤምባሲ በኩል ውክልና ልካችሁ ክሱ ውስጥ መግባት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ፣ ማን ነው የሚከፍለው

በመኪና እንጀምር፣ ብዙው ጉዳይ እሱ ስለሆነ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ህግ ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል፣ ሹፌሩ ጥፋት ባይኖርበትም፣ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳን። ከዚህ ለማምለጥ አንዱ መንገድ መኪናው ተሰርቆብኝ ነበር ብሎ ማስረዳት ነው። ሌላው ጉዳቱ የደረሰው በራሱ በተጎጂው ጥፋት ነው ብሎ ማሳየት ነው፣ ጥፋቱ የሁለታችሁም ከሆነ ካሳው ይቀነሳል እንጂ ጭራሽ አይቀርም።

ስለዚህ «ሹፌሩ ደሃ ነው ምን ይከፍለኛል» ብላችሁ አትተዉት። የሚከሰሰው ባለቤቱም ነው፣ ባለቤት ማለት ደግሞ መጀመሪያ የሚፈለገው ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው። እዚህ ጋ አንድ ችግር አለ፣ መኪና በውክልና ብቻ ተሸጦ ስም ሳይዞር አምስት ስድስት ዓመት የሚነዳበት ሀገር ነው ያለነው። ስሙ ያለበት ሰውዬ «እኔ ከሸጥኩት ቆየሁ» ይላችኋል፣ የገዛው ደግሞ «ሊብሬው በስሜ አይደለም» ይላል። እናንተ የሁለቱ ጭቅጭቅ ውስጥ አትግቡ፣ ሁለቱንም ክሰሱ፣ ፍርድ ቤት ይለያቸው።

ከትራፊክ ፖሊስ የታርጋ ቁጥሩን፣ የባለቤቱን ስም፣ የኢንሹራንስ ድርጅቱን ስምና የአደጋውን ፕላን ያዙ። ፕላን የሚባለው ትራፊኩ ቦታው ላይ የሚያነሳው ንድፍ ነው፣ መኪናው ከየት እንደመጣ፣ ፍሬን የያዘበት ምልክት ስንት ሜትር እንደሆነ፣ እናንተ የወደቃችሁበት የት እንደሆነ ያሳያል። በኋላ ላይ ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ክርክር ሲመጣ ከምንም በላይ የሚታየው እሱ ነው።

ሹፌሩ በወንጀል ተከሶ ነጻ ቢባልስ? ብዙ ሰው እዛ ጋ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። አትተዉት። በህጉ ቁጥር 2149 መሰረት የወንጀሉ ነጻ መባል የካሳውን ክስ የሚያየውን ፍርድ ቤት አያስገድደውም፣ ባለቤቱም ቅድም እንዳልኩት ያለጥፋት ነው የሚጠየቀው።

በነገራችን ላይ መኪና ብቻ አይደለም። ውሻ ቢነክሳችሁ የውሻው ባለቤት ይጠየቃል፣ ውሻው ሰንሰለቱን በጥሶ ወጥቶ ቢሆንም። ከህንጻ ተደርምሶ ነገር ቢወድቅባችሁ የህንጻው ባለቤት ይጠየቃል። የካሳ ዓይነቶቹ ያው ናቸው፣ የሚለያየው የሚጠየቀው ሰው ነው።

ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሙሉውን አይከፍልም

ማንኛውም መኪና የሦስተኛ ወገን መድን የመግባት ግዴታ አለበት። አዋጅ 799/2005 ላይ ጣሪያው ለሞት 40 ሺ ብር፣ ለአካል ጉዳት 40 ሺ ብር፣ ለንብረት ደግሞ 100 ሺ ብር ነበር። እንዲህ ዓይነት አዋጅ ስለሚሻሻል አደጋው በደረሰበት ቀን የሚሰራውን ጣሪያ ከኢንሹራንስ ድርጅቱ በጽሁፍ ጠይቁ። ዋናው ቁም ነገር ግን ቁጥሩ አይደለም፣ ያ ጣሪያ የኢንሹራንሱ ጣሪያ እንጂ የካሳችሁ ጣሪያ አለመሆኑ ነው። ጉዳታችሁ 600 ሺ ከሆነ ኢንሹራንሱ እስከ ጣሪያው ይከፍላል፣ ቀሪውን ባለቤቱ ከኪሱ ይከፍላል። «ኢንሹራንስ ከፍሎሃል እኮ ሌላ ምን ቀረህ» የሚላችሁን ባለመኪና አትስሙት፣ ኢንሹራንሱ ጋ ስትፈርሙም ወረቀቱ ባለቤቱን ጭምር ነጻ የሚያደርግ ዓረፍተ ነገር እንዳይኖረው መስመር በመስመር አንብቡ።

ገጭቶ ያመለጠ መኪና ከሆነ ወይ ኢንሹራንስ የሌለው ከሆነ የመድን ፈንድ አለ፣ አሁን የመንገድ ደህንነትና የመድን ፈንድ አገልግሎት በሚባለው መስሪያ ቤት ስር ነው። ለሞትና ለአካል ጉዳት እሱ ጋ ማመልከት ይቻላል፣ ግን የፖሊስ ማስረጃ ይፈልጋል፣ ስለዚህ መኪናው ቢያመልጥም ለፖሊስ ሳታመለክቱ እንዳታድሩ። ሌላው፣ የድንገተኛ ህክምና አለ፣ በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው እስከ ተወሰነ ብር (በዛው አዋጅ 2 ሺ ነበር) የሚደርስ አስቸኳይ ህክምና በየትኛውም የጤና ተቋም ያለክፍያ የማግኘት መብት አለው፣ የግልም ቢሆን። ብሩ ገደብ አለው፣ በሩ ላይ «መጀመሪያ ያዙ» ብለው ለሚያቆሟችሁ ግን ይሄን መብት ጥሩላቸው፣ በዛች ሰዓት የሰው ህይወት ነው ያለው።

ተሳፋሪ ሆናችሁ ከፍላችሁ ስትሄዱ አውቶብሱ ወይ ሚኒባሱ ቢገለበጥ ጉዳዩ ትንሽ ይለያል፣ ከአጓጓዡ ጋር ውል ስላላችሁ የንግድ ህጉ ይመጣል፣ እሱ ደግሞ የራሱ ጣሪያ አለው፣ እዚህ ጋ ጠበቃ አማክሩ። ትኬታችሁን ግን አትጣሉ።

የህክምና ወጪ

ይሄን ሁሉም ሰው ያውቀዋል ግን ግማሹን ይረሳዋል። የአልጋ፣ የኦፕሬሽን፣ የመድሀኒት ደረሰኝ የታወቀ ነው። የሚረሳው ክራንች፣ ዊልቸር፣ ፊዚዮቴራፒ፣ ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ ሪፈር ተብላችሁ ስትመጡ የትራንስፖርትና የማደሪያ፣ ያስታመማችሁ ሰው ስራውን ትቶ የቆየበት ጊዜ፣ ይሄ ሁሉ ነው። ለታክሲ ደረሰኝ የለም ትሉኛላችሁ፣ እውነት ነው፣ ግን በአፕ የጠራችሁት ከሆነ ስልካችሁ ላይ ታሪኩ አለ ስክሪንሾት አንሱ፣ ካልሆነም ቀኑንና የከፈላችሁትን ደብተር ላይ ጻፉ፣ ያመላለሳችሁን ሰው ምስክር አድርጉ። ልኩን በትክክል ማስረዳት ያልተቻለ ጉዳት ሲሆን ዳኛው በቁጥር 2102 መሰረት በርትዕ፣ ማለትም ራሱ ተገቢ ነው ባለው ልክ፣ መወሰን ይችላል፣ በርትዕ ማለት ግን ከባዶ ተነስቶ ይገምታል ማለት አይደለም፣ የሆነ መነሻ ልትሰጡት ይገባል።

የግል ሆስፒታል ከታከማችሁ «ለምን መንግስት ሆስፒታል አልሄደም» የሚል መከራከሪያ መምጣቱ አይቀርም። ወረፋው ወራት ይፈጃል ተብላችሁ ወይ ማሽኑ የለም ተብላችሁ ከሆነ ያንን የሚል የሪፈር ወረቀት በዛኑ ጊዜ አጽፉ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሄዳችሁ ማንም አይጽፍላችሁም።

ደግሞ ያልወጣ ወጪ አለ። እግራችሁ ውስጥ ብረት ከገባ አንድ ቀን ሊወጣ ይችላል፣ ያም ሌላ ኦፕሬሽን ነው። ህጉ ቁጥር 2092 ላይ ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ካሳ ይከፈልበታል ይላል። ስለዚህ ሀኪሙ «ከዚህን ያህል ጊዜ በኋላ ብረቱ መውጣት አለበት፣ ግምቱ ይሄን ያህል ብር ነው» ብሎ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ሰው ሰራሽ እግር ከሆነም በየተወሰነ ዓመቱ መቀየሩ አይቀርም፣ የአንዱን ዋጋ ብቻ አትጠይቁ።

የቀረ ገቢ፣ ዋናው ብር ያለው እዚህ ነው

እንግዲህ ጊዜያችሁን ሁሉ እዚህ ላይ አፍሱ። ሁለት ነው፣ አንዱ ተኝታችሁ በነበረበት ጊዜ ሳይገባ የቀረ ገቢ ነው፣ እሱ ቀላል ነው፣ ወር በደመወዝ ማባዛት ነው። ሁለተኛው ከዚህ በኋላ እድሜ ልካችሁን የሚቀንስባችሁ የመስራት አቅም ነው፣ ትልቁ ድምር የሚመጣው ከሱ ነው።

ስሌቱ ብዙ ጊዜ ሦስት ነገር ይፈልጋል፣ ገቢ፣ የቋሚ ጉዳቱ መጠን በፐርሰንት፣ እና ለመስራት የቀረ እድሜ። ምሳሌ ልስጣችሁ፣ አንድ የ28 ዓመት ልጅ በወር 9 ሺ ብር ያገኛል እንበል፣ የሐኪሞች ቦርድ 30 ፐርሰንት ቋሚ ጉዳት አለበት አለ። በዓመት 108 ሺ ነው፣ የሱ 30 ፐርሰንት 32,400 ነው፣ እስከ 60 ዓመቱ 32 ዓመት ይቀረዋል፣ ሲባዛ 1,036,800 ብር ይመጣል። ፍርድ ቤቱ ይሄን እንዳለ ላይሰጥ ይችላል፣ ብሩ አንዴ በእጁ ስለሚገባና ሊሰራበት ስለሚችል ወይም ሌላ ምክንያት አይቶ በርትዕ ይቀንሳል፣ ግን መነሻው ይሄ ነው። ይሄን ልጅ ሽማግሌ መጥቶ «50 ሺ ብር ተቀበልና ይቅር በለው» ሲለው ምን ላይ እንደሚፈርም እንዲያውቅ ነው የምፈልገው።

ገቢን ማስረዳት ላይ ደሞዝተኛ ከሆናችሁ ከመስሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ደመወዝና አበል ተለይቶ። የግል ስራ ከሆነ ንግድ ፈቃድ፣ ግብር የከፈላችሁበት፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የቴሌብር ታሪክ። እዚህ ላይ ግልጽ ላድርግ፣ ለገቢዎች በወር 5 ሺ ነው የማገኘው ብላችሁ አሳውቃችሁ ፍርድ ቤት ላይ 30 ሺ ነበር ብትሉ የሌላኛው ወገን ጠበቃ ያንኑ ወረቀት ያወጣባችኋል። የቀን ሰራተኛ ከሆናችሁ ወረቀት የለኝም ብላችሁ አትሽሹ፣ አብረዋችሁ የሚሰሩ ሰዎች፣ የሚያሰራችሁ ፎርማን፣ በዛ አካባቢ የቀን ሂሳቡ ስንት እንደሆነ የሚናገሩ ምስክሮች በቂ ናቸው። የቤት እመቤት፣ ተማሪ፣ ህጻን ልጅ ገቢ የለውም ተብሎ ባዶ እጁን አይሄድም፣ የህጻን ልጅ እግር ተቆርጦ «ስራ የለውም» የሚባል ነገር የለም፣ ነገ የሚሰራበት እግር ነው፣ በርትዕ ይወሰንለታል።

ፐርሰንቱን የሚሰጠው የሐኪሞች ቦርድ ነው። ህክምናው ሳያልቅ ቦርድ ከቀረባችሁ «ገና ነው» ይሏችኋል ወይም ቁጥሩ የተሳሳተ ይሆናል፣ ስለዚህ ሀኪሙ ከዚህ በላይ ለውጥ አይመጣም ሲል ቅረቡ። ግን ይሄ ጥበቃ ከይርጋው፣ ማለትም ክስ ማቅረብ ከሚቻልበት የጊዜ ገደብ፣ ጋር ሊጋጭ ይችላል፣ ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ከሆነ ህክምናው ባያልቅም ክሱን አስገቡ፣ ቦርድ እንድትቀርቡ ፍርድ ቤቱ ራሱ ትዕዛዝ እንዲሰጥ ጠይቁ።

ስለ ፐርሰንት አንድ ከልቤ የምለው አለ። ቦርዱ የሚያየው ሰውነታችሁን ነው፣ ሙያችሁን አይደለም። አንድ በያጅ አስታውሳለሁ፣ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች አልታጠፍ ብለው ቀሩ፣ ቦርዱ የሰጠው ፐርሰንት ትንሽ ነበር። ልጁ ግን ኤሌክትሮድ መያዣውን ጨብጦ እጁን ቀጥ አድርጎ ማቆየት አይችልም፣ መስመሩ ይንቀጠቀጥበታል፣ ያንን ደግሞ ማንም አያሰራውም። ሰውነቱ ትንሽ ነው የተጎዳው፣ ስራው ግን ሙሉ በሙሉ ነው የጠፋው። ክሱ ላይ ይሄ ተለይቶ ተጻፈ፣ ብየዳ ቤት ያለው ሰው መጥቶ መሰከረ፣ ስራው ምን እንደሚጠይቅ ለዳኛው እጁን እያሳየ አስረዳ። ያው ጣት የጠፋበት አስተማሪ ቢሆን ሌላ ክርክር ነበር። እናንተም ሾፌር፣ ልብስ ሰፊ፣ ወዛደር፣ ፀጉር ሰሪ ከሆናችሁ ፐርሰንቱን ብቻ አስገብታችሁ ዝም አትበሉ፣ የሙያ ጓደኛችሁን ምስክር ቁጠሩ።

የሞራል ካሳ

ይሄንን ለመስማት ተዘጋጁ። ህጉ የአካል ጉዳት ሲደርስ ወይ ሰው ሲሞት ለተጎጂው ወይ ለቤተሰቡ የህሊና ጉዳት ካሳ እንዲሰጥ ይፈቅዳል፣ ግን ቁጥር 2116 ላይ ከ1 ሺ ብር መብለጥ አይችልም ይላል። አዎ፣ አንድ ሺ። በ1952 አንድ ሺ ብር ብር ነበር፣ አሁን ልጇን ለቀበረች እናት አንድ ሺ ብር መስጠት ማለት ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም፣ ይሄ አንቀጽ መቀየር አለበት ብዬ ነው የማምነው። እስኪቀየር ድረስ ግን ህጉ ይሄ ስለሆነ ክሳችሁን «ለደረሰብኝ ስቃይና ሀዘን 2 ሚሊዮን» ብላችሁ አትገንቡት፣ የዳኝነት ገንዘብ (ክስ ስትከፍቱ ለፍርድ ቤት የምትከፍሉት) የሚታሰበው በምትጠይቁት ልክ ስለሆነ ትከፍሉበታላችሁ፣ የሚፈረድላችሁ ግን አንድ ሺ ነው። አንድ ሺውን ጠይቁ፣ ጉልበታችሁን ግን ገቢና ህክምና ላይ አድርጉ።

ንብረት ቶሎ የሚያልቅ ነው፣ የተሰበረ ስልክ፣ የተጨፈለቀ ሞተር፣ የተደፋ ሸቀጥ፣ ፎቶና የዋጋ ማቅረቢያ (ፕሮፎርማ) ከሦስት ቦታ ያዙ። መኪናችሁ ወይ ባጃጃችሁ ገቢ የሚያስገባ ከሆነ ጋራዥ የቆመበትን ቀን ገቢም ጨምሩ፣ ብዙ ሰው ጥገናውን ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሁለት መኪና ተጋጭቶ ደግሞ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ካልተለየ ህጉ ጠቅላላ ጉዳቱን ግማሽ ግማሽ ያካፍላችኋል፣ ስለዚህ የራሳችሁን ንጽህና የሚያሳይ ፕላንና ምስክር እዚህም ያስፈልጋል።

ሰው ሲሞት

በቁጥር 2095 መሰረት መጠየቅ የሚችሉት ባል ወይ ሚስት፣ ወላጆችና ወደ ላይ የሚቆጠሩት፣ ልጆችና ወደ ታች የሚቆጠሩት ናቸው። ወንድምና እህት የሉበትም፣ ሟች ሲያስተምራት የነበረች እህት እንኳን ብትሆን። ይሄ ይከብዳል ግን አውቃችሁ ክሱን በትክክለኛው ሰው ስም እንድታቀርቡት ነው የምነግራችሁ፣ በእህት ስም የቀረበ ክስ ተመልሶ እስኪስተካከል ጊዜው ይሄዳል።

የሚጠየቀው የቀብር ወጪና ከሟች ይገኝ የነበረው ቀለብ ነው። አንድ ጥሩ ነገር አለ፣ ሟች በሞተበት ሰዓት ወላጆቹን ይረዳ አልነበረም ቢባል እንኳን መብታቸው በዛ ብቻ አይቀርም። ገጠር ያለች እናት «ልጅሽ እኮ ብር አይልክልሽም ነበር» ስትባል አንገቷን ደፍታ እንዳትመለስ። ይልክላት ከነበረ ግን የላከበትን ሁሉ ሰብስቡ፣ የባንክ ወረቀት፣ የቴሌብር መልዕክት፣ ብሩን ያደረሰላት ሰው። ከዛ ከቀበሌ የቤተሰብ ማስረጃ፣ የጋብቻና የልደት ወረቀት።

ስራ ላይ ከሆነ

ፋብሪካ ወይ ኮንስትራክሽን ላይ ተጎድታችሁ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፣ የአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ነው። እዚህም አሰሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል፣ ሆን ብላችሁ ራሳችሁን ካልጎዳችሁ ወይም ሰክራችሁ ካልነበረ በስተቀር። የጽሁፍ ውል የለኝም ማለት መብት የለኝም ማለት አይደለም፣ የስራ ውል በቃልም ይሆናል፣ ፔይሮል ላይ የፈረማችሁበትን ፎቶ ያነሳ፣ አብሯችሁ የተሸከመ ሰው ካለ ይበቃል። በድርጅቱ ሰርቪስ ወደ ስራ ስትሄዱ ወይ ስትመለሱ የደረሰ አደጋም በስራ ላይ እንደደረሰ ነው የሚቆጠረው።

የሚከፈላችሁ ሙሉ ህክምና ነው፣ ሰው ሰራሽ አካል ጭምር። ከዛ ስራ መስራት በማትችሉበት ጊዜ እስከ አንድ ዓመት፣ የመጀመሪያ ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣይ ሦስት ወር ከ75 ፐርሰንት ያላነሰ፣ ቀሪው ስድስት ወር ከ50 ፐርሰንት ያላነሰ። 8 ሺ ብር የሚከፈለው ሰው በዓመቱ ቢያንስ 66 ሺ ያገኛል ማለት ነው። ቋሚ ሙሉ ጉዳት ከሆነ የአምስት ዓመት ደመወዝ፣ ለዚሁ ሰው 480 ሺ፣ ከፊል ከሆነ በፐርሰንቱ ልክ፣ 40 ፐርሰንት ቢሆን 192 ሺ። በጡረታ የታቀፋችሁ ወይ አሰሪው ኢንሹራንስ የገባላችሁ ከሆነ ክፍያው በዛ በኩል ነው የሚመጣው፣ ጡረታ እየተቆረጠባችሁ መሆኑን ፔይሮላችሁ ላይ እዩ፣ ተቆርጦ ገቢ ያልተደረገ ከሆነም ቶሎ ነው መታወቅ ያለበት። ሰራተኛው ከሞተ የአምስት ዓመቱ ደመወዝ ለጥገኞቹ ይከፋፈላል፣ ለባል ወይ ለሚስት 50 ፐርሰንት፣ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለእያንዳንዳቸው 10 ፐርሰንት፣ ሲጦሩ ለነበሩ ወላጆችም ለእያንዳንዳቸው 10 ፐርሰንት።

የቤት ሰራተኞች በዚህ አዋጅ አይታቀፉም። ይሄ ማለት ግን መስኮት ስትወለውል የወደቀች ልጅ መብት የላትም ማለት አይደለም፣ ወደ ፍትሐ ብሔር ህጉ ነው የምትሄደው፣ ጎረቤት ያላችሁ ሰዎች ንገሯት።

ሽማግሌ ሲመጣ

እርቅን አልቃወምም፣ ፍርድ ቤት ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፣ ጥሩ እርቅ ከመጥፎ ክርክር ይሻላል። የምቃወመው ሰው ገና ቁስሉ ሳይደርቅ ወረቀት ማስፈረምን ነው። ባለመኪናው ሙክት አስጎትቶ፣ ፖስታ ይዞ፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ሆስፒታል ድረስ ይመጣል፣ ቤተሰቡ መድሀኒት መግዣ ቸግሮት ስለነበር በደስታ ይቀበላል፣ ከዛ የሚፈርሙት ወረቀት መጨረሻ ላይ «ከዚህ በኋላ በማናቸውም ሁኔታ ምንም ዓይነት የካሳ ጥያቄ አላቀርብም» የሚል ይጻፍበታል። ከዛ በኋላ እግሩ መግል ያዘ፣ ተቆረጠ፣ ወረቀቱ ግን ተፈርሟል።

ብሩን ተቀበሉ፣ ነውር የለውም፣ ግን ደረሰኙ ላይ በራሳችሁ እጅ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፣ «ለህክምና ወጪ የሚታሰብ ይሄን ያህል ብር ተቀብያለሁ፣ ቀሪ የካሳ መብቴ እንደተጠበቀ ነው።» ይቺን ለመጻፍ እምቢ ካሉ ያኔ የመጡበትን ዓላማ አወቃችሁ ማለት ነው። የመጨረሻውን እርቅ ቦርዱ ፐርሰንት ከሰጠ በኋላና ቅድም ያሳየኋችሁን ስሌት ሰርታችሁ ቁጥሩን በእጃችሁ ይዛችሁ አድርጉት።

ክሱን ስታስገቡ

ከውል ውጭ ለሆነ ካሳ ይርጋው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከዚህ ከረዘመ ረጅሙ ይያዛል፣ ግን እሱን ተማምናችሁ አትቀመጡ። በአሰሪና ሰራተኛ ደግሞ አንድ ዓመት ብላችሁ ያዙ። «ባለመኪናው እከፍላለሁ እያለኝ ነው» እየተባለ ሁለት ዓመት የሚያልፍበት ሰው ብዙ ነው።

የዳኝነት መክፈያ ከሌላችሁ በደሃ ደንብ ለመክሰስ አመልክቱ፣ ከቀበሌ ወይ ከወረዳ የአቅም ማስረጃ ታመጣላችሁ፣ ፍርድ ቤቱ ካመነበት ያለክፍያ ይከፈትላችኋል። ክሱ ላይ ከሳሽ ተከሳሽ፣ የአደጋው ቀንና ቦታ፣ ከዛ ካሳውን በአይነቱ ለያይታችሁ በቁጥር፣ የህክምና ይሄን ያህል፣ የወደፊት ህክምና ይሄን ያህል፣ ተቋርጦ የቀረ ገቢ ይሄን ያህል፣ የወደፊት ገቢ ከነስሌቱ፣ ንብረት፣ የሞራል አንድ ሺ፣ የክርክሩ ወጪና ኪሳራ። ካሳው በአንዴ ከሚሰጣችሁ በየወሩ ቢሆን የሚሻላችሁ ከሆነም መጠየቅ ይቻላል፣ ተከሳሹ ዋስትና እንዲያቀርብ ይደረጋል፣ ለህጻናት ግን ጥሩ ነው፣ ብሩን አንድ ዘመድ በልቶት እንዳይቀር።

በዛው ቀን፣ ከክሱ ጋር አብራችሁ፣ መኪናው እንዳይሸጥና ስሙ እንዳይዛወር እግድ ጠይቁ። ብዙ ሰው ይሄን ይተወውና ሲፈረድለት የሚያስፈጽምበት ንብረት ያጣል፣ መኪናው ተሽጦ ባለቤቱ ምንም የለኝም ይላል። እግዱ ከተፈቀደ ትዕዛዙን ከመዝገብ ቤት ራሳችሁ ወጪ አድርጉና መኪናው የተመዘገበበት የትራንስፖርት ቢሮ አድርሱ፣ የተቀበላችሁን ሰው አስፈርሙ፣ ኮፒው ላይ ማህተምና የገቢ ቁጥር ያዙ፣ ከሳምንት በኋላም ተመልሳችሁ ፋይሉ ላይ እግዱ መመዝገቡን አረጋግጡ።